ከላይ ፎቅ ውሃ ወርዶብን ቤቱ ራሰ፤ ቀለም ቀቢው «ነገ ልጀምር» ይላል፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰሚት_3ኛ_ፎቅ
ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከላያችን ያሉት እትዬ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። ሲወጡ ውሃ ስላልነበረ የኩሽናቸው ቧንቧ ክፍት መሆኑ አልታወቃቸውም። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ቤታቸውን ሞልቶ ወደ እኛ ወረደ። ስንነቃ ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል። በአምፖሉ ቀዳዳ ሳይቀር ይንቆረቆራል። ጥበቃው ሮጦ የመስመሩን መዝጊያ ባይዘጋልን ኖሮ እስኪነጋ ይወርድ ነበር።

ውሃውን ገፍተን አውጥተናል። ሳሎኑ ሴራሚክ ነው፣ ደህና ይመስላል። መኝታ ቤቱ ሊሾ ነው፣ ምንጣፉ ውሃ ጠጥቷል። የኮርኒሱ ቀለም አብጦ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ከታች በኩል ስቱኮው እየተላጠ ነው። ቁምሳጥኑና የቲቪ ማስቀመጫው ቺፕውድ ናቸው፣ እግራቸው አብጧል።

ቀለም ቀቢው መጥቶ አየና «ነገ ፍቄ ስቱኮ ልምታበት፣ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቤት ይሆንልሻል» አለኝ። ባለቤቴ ይቀባ ባይ ነው፣ ለበዓሉ እንግዶች አሉብን። እኔ ግን ግድግዳውን ስነካው ይቀዘቅዘኛል። ይቀባ ወይስ ይቆይ? እትዬንስ ሲመለሱ ምን ልበላቸው? ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንዴት ገንዘብ ይጠየቃል?

ሽቦ_ሠራተኛው
እህቴ፣ ከቀለሙ በፊት መብራቱ። በአምፖል ቀዳዳ ወረደ ካልሽ ውሃው ኮርኒሱ ውስጥ በተቀበረው የሽቦ ቱቦ ገብቷል። ቱቦው ደግሞ ከግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬቱ ጋር የተገናኘ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ሊያቁር ይችላል። የዚያን ክፍል ብሬከር አውርጂው። ባለሙያ ክዳኖቹን ፈትቶ አይቶ፣ ውስጡ ደርቆ፣ ሽቦው ተለክቶ ካልሆነ እንዳትመልሺው።

ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ላይ መቆም ካለብሽ ደግሞ አትንኪው። ከውጭ ከቆጣሪው ይቋረጥ።

ሌላው ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ውሃ ከነካው ሸክላው ይጠጣል። ከላይ ደርቆ እያየሽው ሽቦው ያለበት ቦታ እርጥብ ይሆናል። «ሰክቼ ላድርቀው» የሚባለው ነገር ሰው ይጨርሳል። ለበዓል እንጀራ መጋገርሽ ስለማይቀር ነው ቀድሜ የምነግርሽ።

ሰሚት_3ኛ_ፎቅ
ምጣዱ መሬት ላይ ነበር! እግዜር ይስጥህ፣ ጎረቤት ጋ እጋግራለሁ።

ጋሼ_ቧንቧ
ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሥራ ላይ ነኝ፤ ኮንዶሚኒየም ብዙ ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። የብዙዎቹ የ20/80 ቤቶች ወለል ሙሉ ኮንክሪት አይደለም። ቀድሞ የተሠራ ቢም ተደርድሮ በመሃሉ ባዶ ብሎኬት ይገባል፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስበታል። ያ ባዶ ብሎኬት ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ላይኛው ቤት ደርቆ፣ ቧንቧው ተዘግቶ፣ አንቺ ጋ ግን ጠብ ጠብ ማለቱ ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። አትደንግጪ። ግን ኮርኒሱን ቶሎ አታሽጊው፣ ያ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ ከስሩ ሳፋ አድርገሽ በዱላ ጫፍ ቀዳ ቀዳ አድርጊው።

ቀናት አልፈው ጠብታው ካላቆመ የተለየ ነገር አለ። ያኔ እንዲህ ይፈተሻል። ላይኛው ቤት ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ነው። ትንሿ መዘውር ከዞረች የሚያፈሰው ግፊት ያለው መስመር ነው። ካልዞረች ፍሳሹ ወይም የመታጠቢያው ወለል ነው። የወለሉን ማፍሰሻ በጨርቅ ደፍኖ ጥቂት ጣት ውሃ ሞልቶ ማሳደር ነው። ውሃው ላይ የቀይ ስር ጭማቂ ጨምሩበት። ታች ቀይ ሆኖ ከመጣ ክርክር የለም።

ውሃ ደግሞ ቀጥታ አይወርድም። በሽቦ ቱቦው፣ በቢሙ ዳር ተጉዞ የሚመቸው ቦታ ላይ ነው የሚወጣው። አንቺ ጋ መኝታ ቤት የታየው የላይኛው ሽንት ቤት ሊሆን ይችላል።

ማር_ሰፈር
ቀይ ስሩን ወደድኩት 😂 ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት።

የጀሞዋ
እኛ ባለፈው ዓመት ሲደርስብን ከሰል አቀጣጥለን መኝታ ቤቱ ውስጥ አስቀምጠን በሩን ዘግተን ነው ያደረቅነው። በሁለት ቀን ድርቅ አለ። ሞክሪው።

ነርስ_ነኝ
በፍጹም! እባክሽ የጀሞዋ፣ ይህን ምክር ለማንም እንዳትደግሚው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጀመረኝ ስትይ እግርሽ አልታዘዝ ይልሻል። በየክረምቱ እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎች እናያለን። አንዳንዱ በሕይወት አይደርስም። «ባዶ ክፍል ነው፣ ማንም አይተኛበትም» ማለትም አያዋጣም፣ በበር ስር ሾልኮ ወደሚተኛበት ክፍል ይገባል።

ሌላ ደግሞ ልጨምር። ሻጋታ ሲታይ ሰው በረኪና ያነሳል። ይሁን፣ ግን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ከተጠቀማችሁ አንድ ኩባያ በአራት ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃን ሻጋታው ሲፋቅ ቤት ውስጥ አይሁኑ።

የጀሞዋ
እሺ እህቴ፣ ይህን አላወቅኩም ነበር። ብቻ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ቤዝመንታችን ሁለቴ ውሃ ገብቶበታል። እዚህ የሚባለው ሕግ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካደረቅከው ሻጋታ አይይዝም፣ ካለፈ ግን ይጀምራል ነው። ኩባንያው መጥቶ ውሃውን በማሽን መጠጠ። የግድግዳውን ድራይዎል ከታች ቆርጦ ጣለ፣ ከውስጡ ያለውን ጥጥ መሰል የብርድ መከላከያም ጣለ። ከዚያ ትላልቅ ማራገቢያና እርጥበት መሳቢያ ማሽን ተክሎ ሄደ። እየመጣ በመለኪያ ግድግዳውን ይወጋና ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ሳይወርድ ማሽኑን አያነሳም። እኅቴ፣ አንቺም ግድግዳውን ቆርጠሽ መጣል አለብሽ ባይ ነኝ።

ሲቪል_ግንበኛ
ወንድም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሷ ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ምኑ ይቆረጣል? 😄 እዚያ ግድግዳው ወረቀትና ጂፕሰም ስለሆነ ሻጋታ ይበላዋል፣ ስለዚህ ይጣላል። እዚህ ብሎኬቱና የሲሚንቶው ልስን ራሱ በውሃ አይበላሽም። የሚበላሸው በላዩ ላይ ያለው ነው። ስቱኮው፣ ቀለሙ፣ ከኋላው የተጠጋው እቃ። ጂፕሰም ኮርኒስ ወይም ክፋይ ያለው ሰው ከሆነ ግን ያንተ ምክር ልክ ነው። አብጦ የጎበጠ ጂፕሰም ተመልሶ አይጠነክርም፣ ይነሳ።

ከአንተ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የሚነሳው በቀን ቆጠራ ሳይሆን በመለኪያ ነው ያልከው። እህቴ፣ ለቀለም ቀቢውም መልሱ እዚያ ነው። እሱ ልክ አይደለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ከበዓል በፊት ሥራው ብዙ ነው፣ ሠርቶ መሄድ ይፈልጋል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ስቱኮ ቢመታ ለእንቁጣጣሽ ያምራል። ለመስቀል ይላጣል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የላላውን ስቱኮና ቀለም በሙሉ ፍቂ፣ እርጥቡ ካቆመበት አንድ ሁለት ክንድ ከፍ ብለሽ ጭምር። ግድግዳው እንዲተነፍስ ነው። በተለይ የታችኛው ግማሽ ዘይት ቀለም ከተቀባ እሱ ውሃውን ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፣ መነሳት አለበት። ዞኮሎውንም (ግድግዳው ከወለሉ ጋር ሲገናኝ የሚለጠፈውን ጠርዝ) አንሺው፣ ከኋላው የሚተኛው እርጥበት ለረጅም ጊዜ አይወጣም። እቃ ሁሉ ከግድግዳ ይራቅ።

አየሩ ላይ ደግሞ አሁን ነሐሴ ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ከፍቶ መዋል አያደርቅም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ያረጥባል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን መስኮቶች ክፈቺ። ዝናቡ ሲጀምር ዝጊ። ማራገቢያ ካለሽ ግድግዳው ላይ ፊት ለፊት አታነጣጥሪው። በግድግዳው ጎን ለጎን ይንፈስ፣ ሌት ተቀን ይሥራ። ከተለየ መስመር ሰክተሽ ማለቴ ነው፣ ሽቦ ሠራተኛው ያለውን እንዳትረሺ።

መድረቁን በእጅ አይለኩትም። ጥርት ያለ ፌስታል ቆርጠሽ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊና አሳድሪው። በማግስቱ ከውስጥ በኩል ጤዛ ካለው አልደረቀም። በተለያየ ከፍታና ቦታ ሞክሪ። ጥግና የቁምሳጥን ጀርባ መጨረሻ ነው የሚደርቀው። ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ከልስኑ ከወጣ ደግሞ ውሃው ገና እየወጣ ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፣ በውሃ አትጠቢው፣ ጨው ነውና ተመልሶ ይገባል።

በሙያው የሚባለው ግምት ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ወር ነው። የናንተ አንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ ያን ያህል ላይፈጅ ይችላል። ግን ለእንቁጣጣሽ አትጠብቂ። እንግዶቹ የተፋቀ ግድግዳ ቢያዩ ምን ይሆናል? ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ይመጣል፣ ያኔ በደንብ ትቀቢያለሽ።

ሰሚት_3ኛ_ፎቅ
«ለመስቀል ይላጣል» ያልከውን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም አለ። ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው 😅

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ብሎኬቱን ረስቼው ነው፣ ሃያ ዓመት ሆኖኛል እዚህ። ለዚህ አገር ወገኖች ግን አንድ ነገር ልበል። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ቧንቧ ድንገት ሲፈነዳ ይከፍላል፣ ጎርፍ ሲገባ ግን አይከፍልም። የጎርፍ ለብቻው ይገዛል። የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ሳይሞላው አይሠራም፣ ስለዚህ ዝናብ ተተንብዮ መሮጥ ዋጋ የለውም። ፍሳሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲገባ የሚሸፍነውም ተጨማሪ ነው፣ ጠይቁ። በር ላይ የሚመጣ የማድረቂያ ኩባንያ ወረቀት ፈርም ሲላችሁ የኢንሹራንሱን መብት አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ አንብቡ። ሐበሻ ይሉኝታ ይዞት ይፈርማል።

ግራውንድ_ነዋሪ
እናንተስ ንጹህ ውሃ ነው የወረደባችሁ። እኔ ግራውንድ ነኝ። የብሎኩ ፍሳሽ ሲደፈን የሁሉም ፎቅ ቆሻሻ በኔ ሽንት ቤት ነው የሚወጣው። ዳይፐር ይጥላሉ፣ ዘይት ይደፋሉ፣ የተረፈ ወጥ ይደፋሉ፣ መከራው የኔ ነው። ይህንን እንዴት ነው የሚያጸዱት?

ነርስ_ነኝ
አይዞህ። የፍሳሽ ውሃ ከሆነ ሕጉ ይለያል፣ እዚያ ላይ ማዘን አያስፈልግም። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ ትራስ ከነካው ይጣል። ታጥቦ አይጠራም። ጤፍም ዱቄትም በርበሬም በማዳበሪያም ይሁን በፌስታል መሬት ላይ ከነበረ ይጣል። ለሰውም ለከብትም አይሰጥ። ቦቲ ጫማና ጓንት ሳታደርግ አትግባ፣ እግርህ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ይሥራልህ። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ቆሻሻው ይነሳ። በረኪና የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ቆሻሻ ላይ በረኪና መድፋት ሽታውን ብቻ ይሸፍናል።

ጋሼ_ቧንቧ
ልጄ ግራውንድ፣ ፍሳሽህ መስመር ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ክዳን ሊገባልህ ይችላል። ግን ማኅበሩን ሳታስፈቅድ እንዳታስገባ፣ መስመሩ የጋራ ነው። የላይኞቹን ደግሞ በስብሰባ ንገራቸው። እስካልሸተታቸው ድረስ ማንም ነገሬ አይልህም።

ሻርጃህ_ነበርኩ
እኔ በሚያዝያ 2016 ዱባይና ሻርጃህ በዝናብ ሲጥለቀለቁ እዚያ ቪላ ውስጥ እሠራ ነበር። አል ዐይን በኩል በአንድ ቀን ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፣ ለዚያ አገር የማይታመን ነው። ካየሁት የማካፍለው፣ ኤሲ ያለው ሰው ቤቱን ዘግቶ ማድረቂያው ላይ ቢያደርገው እርጥበቱን ይስባል። አዲስ አበባ ኤሲ ያለው ቤት ጥቂት ነው እንጂ። ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ደግሞ ሰው ላስቲኩን ይረሳል። በሩ ላይ ያለው ጎማ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ይሸታል፣ ገልብጣችሁ በጨርቅ አድርቁት።

ሕግ_አማካሪ
የጎረቤቷን ጉዳይ ሁሉም ዘሎታል፣ እኔ ልሞክር።

እህቴ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካሳል ይላል። ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ ባይጠበቅም እንኳ። ይህ ቧንቧ ወይም ወለል ተበላሽቶ ሲሆን የሚነሳ ነው። ያንቺ ጉዳይ የተረሳ መክፈቻ ስለሆነ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ቁጥር 2143። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፣ ዛሬ መጣላት አያስፈልግም።

ዛሬ የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። እቃ ከመጣልሽ በፊት ፎቶና ቪዲዮ አንሺ። የማኅበሩ ኮሚቴ መጥቶ አይቶ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ጥበቃው መዝጊያውን እንደዘጋ በምስክርነት ይጻፍ። የሠራተኛና የእቃ ዋጋ በደረሰኝ ያዢ።

ከዚያ እትዬ ሲመጡ መጀመሪያ ለቅሶ ድረሺ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የውሃውን ነገር በዚያ ቀን እንዳታነሺው። ሰነባብተሽ ከኮሚቴው አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። በኔ ልምድ እንዲህ የተያዘ ጉዳይ ፍርድ ቤት አይደርስም፤ አብዛኛው ሰው ግማሹንም ቢሆን ይከፍላል። ፍርድ ቤት የሚደርሰው መጀመሪያ ደረጃው ላይ የተጯጯሁት ነው።

ሰሚት_3ኛ_ፎቅ
ይህን ነበር የምፈልገው። ኮሚቴው ነገ ይመጣል። ለቅሶውንም ባለቤቴና እኔ አብረን እንሄዳለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቤቱ ካርታ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬትና የሠርጋችን አልበም ቁምሳጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ርሰው ተጣብቀዋል። ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው?

መዝገብ_ቤት
ፀሐይ ላይ አታድርጊ! ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለቃል። አንድ አንድ እየለየሽ በንጹህ ወረቀት ወይም ለስላሳ ጨርቅ መሃል አድርጊ፣ ጥላ ላይ፣ ነፋስ ባለበት። ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። በግድ የሚላቀቅ ከሆነ አትጎትቺ። ዛሬ ጊዜ ከሌለሽ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፣ ሻጋታው ይቆማል፣ በኋላ ቀስ ብለሽ ታደርቂዋለሽ። ፎቶዎቹን ግን ተጣብቀው እንዳይደርቁ። ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ በራሳቸው እስኪላቀቁ ጠብቂ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ አስጪ። ካርታው ጽሑፉ ከጠፋ ያወጣው መሥሪያ ቤት ምትክ ይሰጣል፣ የራሰውንም ይዘሽ ሂጂ።

ማር_ሰፈር
ሰው ፍሪዘር ውስጥ ካርታ! ይህን ክር ሴቭ አድርጌዋለሁ።

አናጺው
ቁምሳጥኑን ማንም አልመለሰላትም። እህቴ፣ ቺፕውድ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ላዩ ደህና ከሆነ ግን አትጣዪው። እግሩን ከላይ ቆርጬ ጠንካራ እንጨት ወይም የፕላስቲክ እግር አገባለታለሁ፣ ለሚቀጥለው ውሃም ከፍ ይላል። ዋንዛ ወይም ጽድ ያለው ሰው ግን አይቸኩል። በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ካወጣኸው ይሰነጠቃል።

ቦሌ_ቡልቡላ
ክሩን አሁን ነው ያየሁት። እኔ ጋ ቦይለሩ አፍስሶ መኝታ ቤት ፓርኬው ጠርዝ ጠርዙ ተነስቶ መሃሉ ጎድጓድ ሆነ። ሠራተኛው በማሽን ላስተካክለው ይላል፣ ላስላጨው?

አናጺው
አሁን አታስላጨው። እንጨቱ ከስር ረጥቦ ነው ጠርዙ የተነሳው። እርጥብ ሳለ ጠርዙን ልጠህ ደልዳላ ብታደርገው፣ ሲደርቅ ጠርዙ ይወርድና መሃሉ ይጎብጣል፣ ያኔ ሌላ ወጪ ነው። ምንጣፉን አንሳ፣ አልጋውን አንሳ፣ አየር ይግባበት፣ ክረምቱ ይውጣ። ብዙው በራሱ ይተኛል። አልተኛም ያለውን ከጥቅምት በኋላ ጥራኝ፣ እንላጫለን። ማጣበቂያው ለቆ ስትረግጠው የሚንኳኳ ካለ ግን እሱን አሁኑኑ አንስተህ ለየብቻ አድርቀው፣ ቁጥር ጻፍበት፣ ወደ ቦታው ስትመልሰው እንዳይቀላቀልብህ።

ቦሌ_ቡልቡላ
ይንኳኳል፣ በሩ አጠገብ ያለው። ዛሬ አነሳዋለሁ።